ለሰርቨር ዕድሜ፣ ለቤት ጎረቤት

«የትኛው ሊኑክስ ይሻላል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው የመላሹን ልማድ ነው። ኡቡንቱ የለመደ ኡቡንቱን ይመክራል፤ ዴቢያን ላይ ያረጀ ከዴቢያን ወዲያ ላሳር ይላል፤ የአርች ተጠቃሚ ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው አርች እንደሚጠቀም ይነግርሃል። ክርክሩ መቋጫ ያጣው ግን በሰዎቹ ግትርነት ብቻ አይደለም፤ ጥያቄው ሁለት ጉዳዮችን አጣብቆ ስለያዘም ነው። መደርደሪያ ላይ ሌት ተቀን የሚሠራ፣ ስክሪን እንኳ የሌለው ሰርቨርና ልጆች የቤት ሥራ የሚሠሩበት ላፕቶፕ አንድ ከርነል ይጋሩ እንጂ ከዲስትሮው የሚፈልጉት ለየቅል ነው። እዚህ ለያይተን እናያቸዋለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ያወጣው ከርነሉን ብቻ ነበር። ከርነል ብቻውን ለተጠቃሚ አይረባውም። በሺህ የሚቆጠሩ ፕሮግራሞችን አሰባስቦ እርስ በርስ የሚያስማማ፣ የሚፈትሽ፣ የደህንነት ክፍተት ሲገኝ የሚደፍን ወገን ያስፈልጋል። ዲስትሮ የምንለው የዚህን ወገን ሥራ ነው። በ1993 ክረምት ፓትሪክ ቮልከርዲንግ ስላክዌርን አወጣ፤ በወሩ ገደማ ኢያን መርዶክ ዴቢያንን ማቋቋሙን አስታወቀ። ሁለቱም ዲስትሮዎች እስከ ዛሬ አሉ። ከዚያ ወዲህ በመቶዎች የሚቆጠሩ ተፈልፍለዋል፤ ግን አብዛኞቹን ወደ ሁለት ቤተሰብ መመለስ ይቻላል። ኡቡንቱ ከዴቢያን ይወለዳል፣ ሚንት ከኡቡንቱ። በሌላው ወገን ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ፣ ፌዶራ፣ አልማና ሮኪ አንድ ቤት ናቸው። ከሁለቱ ውጭ በቁም ነገር የሚጠቀሱት ጀርመን የተወለደው ሱዜ፣ አርችና ትንሹ አልፓይን ናቸው።

ታዲያ ልዩነታቸው ምኑ ላይ ነው? ፋየርፎክስ የትም ፋየርፎክስ ነው፤ ሊብረኦፊስም፣ ኤንጂንኤክስም እንደዚያው። የሚለያዩት ፕሮግራሙ በየስንት ጊዜው ይቀየራል፣ ክፍተቱ ለስንት ዓመት ይደፈናል፣ የሚደፍነውስ ማን ነው በሚሉት ላይ ነው።

ሰርቨር ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ያህል አዲስ ነው?» ሳይሆን «እስከ መቼ ይጠገንልኛል?» ነው። የዴቢያን አንድ እትም ሦስት ዓመት በዋናው ቡድን፣ ቀጥሎ ሁለት ዓመት በረጅም ጊዜ ድጋፍ ቡድኑ፣ በድምሩ አምስት ዓመት ይጠገናል። ኡቡንቱ ኤልቲኤስ የሚለውን እትም በየሁለት ዓመቱ በሚያዝያ ያወጣና አምስት ዓመት ይይዘዋል፤ ኡቡንቱ ፕሮ ላይ የተመዘገበ አሥር ዓመት ያገኛል፤ ለግል ተጠቃሚ እስከ አምስት ማሽን በነጻ ነው። ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ አሥር ዓመት ይሰጣል፤ እሱን ተከትለው የሚሠሩት አልማና ሮኪም እንዲሁ። ፌዶራ ወደ 13 ወር ብቻ። አርችና የሱዜ ቤት የሆነው የኦፕንሱዜ ተምብልዊድ ደግሞ እትም የሚባል ነገር አያውቁም፤ አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር እየተቀየሩ ይሄዳሉ። ፌዶራ ግሩም ሲስተም ነው፣ ግን ሰርቨር ላይ የጫነው ሰው በየዓመቱ ሲስተም ሲያሸጋግር ይኖራል። ሰርቨሩ ደመወዝ የሚሰላበት ወይም የታካሚ ካርድ የሚቀመጥበት ከሆነ ይህን በየዓመቱ የሚመኝ የለም።

ጥገና ሲባል ምን ማለት እንደሆነ አንድ ምሳሌ በቅርበት ማየት ይበጃል። በጁላይ 2024 መጀመሪያ ኦፕንኤስኤስኤች ውስጥ ከባድ ክፍተት መገኘቱ ይፋ ሆነ። ይህ ፕሮግራም ወደ ሰርቨር ከሩቅ የምንገባበት በር ስለሆነ ሊኑክስ ሰርቨር ላይ የማይገኝበት ቦታ ጥቂት ነው። በቅርብ ዓመታት ከወጡት ስሪቶች የተነኩት ከ8.5 እስከ 9.7 ያሉት ነበሩ። ዴቢያን 12 የያዘው 9.2ን ነበርና ተነካ። መድፈኛው ወዲያው ደረሰ፤ የስሪቱ ቁጥር ግን 9.2 እንደሆነ ቀጠለ፣ የተለወጠው ከኋላው የተቀጠለው የዴቢያን የጥገና ቁጥር ብቻ ነው። ዴቢያን የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ፕሮግራሙን ባለበት ትቶ ክፍተቷን ብቻ ነቅሶ ይደፍናል። ቁጥሩን ብቻ አይቶ «አሮጌ ነው፣ ተጋላጭ ነው» የሚል የደህንነት መቃኛ ሶፍትዌር ግን ይህን ሁሌ አይረዳም፤ ሪፖርቱ ቀይ ሆኖ አለቃ እጅ ሲገባ አድሚኑ ማስረዳቱን ይያያዘዋል። ዴቢያን 11ና ሬድ ሃት 8 ደግሞ ጭራሽ አልተነኩም። የያዙት 8.4ንና 8.0ን ስለነበር ስህተቱ ኮዱ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የወጡ ናቸው።

ከዚያ ሦስት ወር ቀደም ብሎ የሆነው ደግሞ የባሰ ነበር። አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ገንቢ፣ የማይክሮሶፍት ሠራተኛ፣ የዴቢያንን ያልተረጋጋ ቅርንጫፍ በጫነበት ማሽን ላይ የፍጥነት ልኬት ሲሠራ አንድ ነገር ከነከነው። በኤስኤስኤች መግባት ከወትሮው ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘግይቷል፤ ፕሮሰሰሩም ያለ ምክንያት ይለፋል። ሌላው ሰው ትከሻውን ነቅንቆ ያልፈዋል፤ እሱ ግን ተከትሎት ሄደ። መጨረሻ ላይ ያገኘው ኤክስዚ በሚባል የፋይል መጭመቂያ ውስጥ የተቀበረ የኋላ በር ነው። የቀበረው «ጂያ ታን» በሚል ስም ከሁለት ዓመት በላይ በትጋት ሲያግዝ የኖረ፣ ቀስ በቀስ አመኔታ ያገኘ ተሳታፊ ነበር። ፍሮይንድ ማርች 29 ቀን 2024 ይፋ አደረገው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ለኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን የተመረዘው ስሪት የት የት ደርሶ እንደነበር ነው። የዴቢያን የሙከራ ቅርንጫፎች፣ ገና ያልወጣው ፌዶራ 40፣ ተምብልዊድ፣ አርች፣ ማለትም አዲስ ነገር ፈጥኖ የሚገባባቸው ቤቶች ናቸው። አርች ላይ ፕሮግራሙ በተገነባበት መንገድ የተነሳ የኤስኤስኤች በሩ አልተከፈተም፤ ፋይሉ ግን ገብቶ ነበር። የተረጋጋው ዴቢያን፣ የወጡት የኡቡንቱ እትሞችና ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ አልደረሰባቸውም። ዘግይቶ መቀበል የሰነፍ ልማድ ይመስላል እንጂ እዚህ ላይ መከላከያ ሆኗል።

«የሚደፍነውስ ማን ነው?» ወደሚለው ስንመጣ የሴንቶስን ታሪክ ማለፍ አይቻልም። ሴንቶስ ከ2004 ጀምሮ የሬድ ሃትን ሶርስ ኮድ ወስዶ፣ የንግድ ምልክቱን አንስቶ በነጻ ያድል ነበር። የድረ ገጽ ሆስቲንግ ድርጅቶች፣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ለሬድ ሃት የሚከፍሉት የሌላቸው ሁሉ ተጠለሉበት። በ2014 ሬድ ሃት ራሱ በጉያው አስገባው፤ በ2019 ደግሞ አይቢኤም ሬድ ሃትን በ34 ቢሊዮን ዶላር ጠቀለለ። በዲሴምበር 2020 አንድ ማስታወቂያ ወጣ፦ እስከ 2029 ይጠገናል ሲባል የነበረው ሴንቶስ 8 በ2021 መጨረሻ ያበቃል። ከሰባት ዓመት በላይ በአንድ ማስታወቂያ ተቆረጠ። ታላቅ ወንድሙ ሴንቶስ 7 እስከ ጁን 2024 ድረስ ሲኖር ታናሹ ቀድሞ ተቀበረ። ወደ አዲሱ ለመሸጋገር የቸኮሉት፣ ማለትም በደንብ የሠሩት ናቸው ይበልጥ የተጎዱት።

ክፍተቱን ለመሙላት በ2021 አልማና ሮኪ ተነሡ። ሮኪን የጀመረው ሴንቶስን ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ግሪጎሪ ከርትዘር ነው፤ ከአልማ ጀርባ ክላውድሊኑክስ የተባለው ኩባንያ ነበር። በጁን 2023 ሬድ ሃት የሶርስ ኮዱን በር ሲያጠብ ሁለቱ በተለያየ መንገድ ሄዱ። አልማ ፊደል በፊደል መገልበጡን ትቶ የሬድ ሃት ፕሮግራም ሁሉ እሱም ላይ እንዲሠራ ማድረግን መረጠ፤ ሮኪ ኮዱን በሌላ ሕጋዊ መንገድ እያገኘ መገልበጡን ቀጠለ። ሁለቱም በደንብ ይሠራሉ። ዛሬ ከሴንቶስ 7 ያልወጣ ሰርቨር ያለው ሰው ግን ምርጫው ላይ ሲያመነታ ከሚከርም ከሁለቱ ወደ አንዱ ቢገባ ይሻለዋል፤ ያለ ጥገና የተቀመጠ ሰርቨር ከሁለቱም የባሰ ነው።

የኔ ምርጫ ከዚህ ይመነጫል። አስገዳጅ ነገር ከሌለ ለሰርቨር ዴቢያን። ባለቤቱ ኩባንያ አይደለም፤ በጎ ፈቃደኞች መሪያቸውን በየዓመቱ እየመረጡ የሚያስተዳድሩት ነው፤ ስለዚህ የሚገዛውም በማስታወቂያ የሚዘጋውም የለም። ኡቡንቱ ኤልቲኤስ ሁለተኛ ይሆናል፤ ክላውድ ላይ ሰነዱም ዝግጁ ምስሉም የተትረፈረፈ ነው። እሱን ስመክር ግን ብዙ ሰው የማያስተውላትን ነገር እጨምራለሁ፦ የአምስቱ ዓመት ዋስትና ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነው «ሜይን» በሚባለው ክፍል ያሉትን ፕሮግራሞች ነው። አብዛኛው ፕሮግራም ያለው «ዩኒቨርስ» ውስጥ ሲሆን የዚያ ዋስትና ያለው ጥገና የሚመጣው በፕሮ በኩል ነው። መመዝገብ ነጻ ከሆነለት ሰው የማይመዘገብበት ምክንያት አይታየኝም።

አስገዳጅ ነገር ያልኩት ለምሳሌ ኦራክል ዳታቤዝ ነው። ኦራክል ለዳታቤዙ ማረጋገጫ የሚሰጠው በራሱ ሊኑክስ፣ በሬድ ሃትና በሱዜ ላይ ነው፤ ዴቢያን ላይ ጭኖ ችግር ሲገጥመው ድጋፍ የሚጠይቅ ሰው የሚሰማው አያገኝም። እንዲህ ያለ ሶፍትዌር የገዛ መሥሪያ ቤት ለሬድ ሃት በዶላር የሚከፍለውን ዓመታዊ ክፍያም አብሮ ማስላት አለበት፤ ወይም ዋጋ የማይጠየቅበትን የኦራክልን ሊኑክስ ማየት። የሬድ ሃት ቤት አንድ ጥሩ ነገር ኤስኢሊኑክስ የተባለው ጥብቅ ዘብ ነው፤ የሚያሳዝነው ብዙ አድሚን ሲስተሙን እንደጫነ የመጀመሪያ ሥራው እሱን ማጥፋት መሆኑ ነው። አልፓይን መሠረታዊ ምስሉ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ ለኮንቴይነር ይመቻል፤ ከዚያ ውጭ ለጀማሪ አልመክረውም።

አሁን ወደ ቤት እንግባ። እዚህ አሥር ዓመት ማንም አያስጨንቀውም፤ ዋናው ጉዳይ ማሽኑና በዙሪያው ያለው ሰው ነው።

ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ጥገና ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን ቺፕና፣ ኢንቴል ከሆነ፣ በጥቅሉ ከስምንተኛ ጀነሬሽን ወዲህ ያለ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። አዲስ አበባ ውስጥ «ያገለገለ» ተብለው ከሚሸጡት ላፕቶፖች መካከል ስድስተኛና ሰባተኛ ጀነሬሽን ሞልቷል፤ ማሽኑ ሳይደክም ሲስተሙ ተከለከለ። ከዩቲዩብ፣ ከወርድ ጽሑፍና ከኢሜይል ለማያልፍ ቤተሰብ፣ ምንነቱ ባልታወቀ ክራክ ዊንዶውስ 11ን በግድ ከመጫን ሊኑክስ ይበልጣል። አዶቢ ፎቶሾፕ ወይም የፒችትሪ የሒሳብ ሶፍትዌር እንጀራው የሆነ ሰው ግን ዊንዶውሱን አይልቀቅ፤ ማባበሉ አይጠቅመውም።

ከመጫን በፊት ፍላሽ ላይ ጽፎ ሳይጭኑ መሞከር ይቻላል፤ መደረግም አለበት። ዋይፋዩ ይይዛል? ድምፁ ይሰማል? ክዳኑ ተዘግቶ ሲከፈት ይነቃል? ብዙ የሚያስቸግረው ዋይፋዩ ነው፤ በተለይ አንዳንድ የብሮድኮምና የሪልቴክ ካርዶች። ዴቢያን ለብዙ ዓመት ሶርስ ኮዳቸው ያልተከፈተ የካርድ ፋይሎችን በዋናው መጫኛ ውስጥ አላስገባም ብሎ ነበር። ውጤቱ የታወቀ ቀልድ ሆነ፦ ዋይፋዩን ለማስነሣት ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ኢንተርኔት ለማግኘት ዋይፋይ። በ2023 የወጣው ዴቢያን 12 ይህን አስተካክሎ ፋይሎቹን አብሮ ይዞ መጣ። እምቢ ካለም ስልኩን በዩኤስቢ ገመድ ሰክቶ የሞባይል ዳታውን ማጋራት ነው፤ ለዚህ ድራይቨር ፍለጋ መሄድ አያሻም።

ለቤት የማስቀድመው ሊኑክስ ሚንትን ነው። ከ2006 ጀምሮ ክሌማን ሌፌቭር የሚመራው ቡድን ሲሠራው ቆይቷል፤ የሚቆመው በኡቡንቱ ኤልቲኤስ ላይ ስለሆነ ዕድሜውም ረጅም ነው። ሲናመን የተባለው ገጽታው ከዊንዶውስ 7 ለመጣ ሰው ግር አይለውም፦ ሜኑው በታች በግራ፣ ሰዓቱ በቀኝ። እናትህ ፊት ከፍተህ ማብራሪያ ሳትሰጥ ዞር ማለት ትችላለህ። ራሙ 4 ጊጋባይት ለሆነ ማሽን ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው እትሙ ይቀላል። ታይምሺፍት የተባለው መሣሪያው ሲስተሙን በየጊዜው ያስቀምጣል፤ አፕዴት ነገር ካበላሸ ወደ ትናንቱ መመለስ ነው።

ከሚንትና ከኡቡንቱ ስመርጥ ሚዛኑን የሚደፋው ዳታ ነው። ኡቡንቱ ፋየርፎክስን ጨምሮ አንዳንድ ፕሮግራሞችን ስናፕ በሚባል ጥቅል ይሰጣል። ስናፕ በቀን አራት ጊዜ አዲስ ነገር መኖሩን እየጠየቀ በራሱ ያወርዳል። ስቶክሆልም ላለ ሰው ይህ ውለታ ነው። በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ሰው ግን ወርሃዊ ጥቅሉ ሳያውቀው ሲያልቅ ማየት ነው። ማቆሚያ ትእዛዝ አለው፤ ግን መኖሩን ማወቅ ይጠይቃል። ሚንት ከ2020 ጀምሮ ስናፕን ሳይጠየቅ እንዳይገባ ዘግቶታል፤ አፕዴቱንም ከመውረዱ በፊት ከነመጠኑ ዘርዝሮ ያሳያል። ፍላትፓክ የሚባለውም ከዚህ ነቀፋ ነጻ አይደለም፤ ለአንዲት ትንሽ ፕሮግራም ብሎ በመቶዎች ሜጋባይት የሚቆጠር ተጓዳኝ ሊያወርድ ይችላል። ብዙ ኮምፒውተር ያለው ትምህርት ቤት ወይም ቢሮ ከሆነ አንዱ ማሽን ላይ አፕት ካሸር መጫን ነው፤ አንዱ ያወረደውን ሌሎቹ ከእሱ ይወስዳሉ፣ ሃያው ኮምፒውተር ለየብቻው ኢንተርኔት አይመጥም።

ፌዶራ ለፕሮግራመር ደስ ይላል፤ አዲስ መሣሪያ ሁሉ ቀድሞ እሱ ጋ ይገኛል፤ በጣም አዲስ ላፕቶፕ የገዛ ሰውም ከርነሉ አዲስ ስለሆነ ይጠቅመዋል። አፕዴቱ ግን ብዙ ነው፤ የተምብልዊድ ደግሞ ይብሳል። ኦፕንሱዜን ሳላመሰግነው ማለፍ የማልፈልገው በአንድ ነገር ነው። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ወይም ዩፒኤስ የሌለው ዴስክቶፕ አፕዴት እያደረገ መብራት ሲጠፋበት ምን ይሆናል? ዴቢያንና ሚንት ላይ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ የጥገና ትእዛዝ ይስተካከላል፤ አንዳንዴ ግን ጀማሪ የማይወጣው ጣጣ ይሆናል። ኦፕንሱዜ ከአፕዴቱ በፊትና በኋላ የሲስተሙን ቅጂ ስለሚይዝ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ከሚመጣው ሜኑ ላይ ያለፈውን መርጦ መግባት ይቻላል። ከመብራት ጋር ለተፋጠጠ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ታዲያ ለምን ኦፕንሱዜን አላስቀደምኩም? ሰው ስለሌለው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላልና፣ ሰፈርህ ያለው ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ያለችው እህትህ፣ ቢሮ ያለው የአይቲ ሠራተኛ የሚያውቀው ኡቡንቱ ወይም ሚንት ከሆነ ያው የአንተም ነው። እነሱ አርች የሚያውቁ ከሆነ አርችም ይሆናል። ያም ባይሆን የአርች ዊኪ ለማንኛውም ዲስትሮ ተጠቃሚ የሚጠቅም ግሩም መዝገብ ነው፤ አርችን ሳይጭኑ አርችን ማንበብ ይቻላል።

አማርኛ መጻፍ ዲስትሮ አያስመርጥም። ኢትዮፒክ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ዛሬ አቢሲኒካም ሆነ ኖቶ የተባሉት ፎንቶች በሁሉም ዘንድ ይገኛሉ። ለመጻፍ አይባስ ኤም17ኤንን ጭኖ ከአማርኛ ሥር ሴራ የሚለውን መምረጥ ነው፤ በላቲን ቁልፍ ድምፁን እንደሰማህ ስትተይብ ግዕዙ ይወጣል። ስልክ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል አማርኛ የጻፈ ሰው እጁ ቶሎ ይለምደዋል፤ ትልቁንና ትንሹን ፊደል መለየት ብቻ ትንሽ ያስቸግራል።

የቀሩት በጣም ያረጁት ማሽኖች ናቸው። ዴቢያን 13 በኦገስት 2025 ሲወጣ ባለ 32 ቢት ኮምፒውተር ላይ በአዲስ መጫን ቀርቷል፤ በዋናው ዴቢያን እንዲህ ያለ ማሽን ላይ የሚጫነው የመጨረሻው 12 ነው። ግን ማሽንህን 32 ቢት ነው ብለህ ከመጣልህ በፊት ተለጣፊውን አንብብ። ኮር ቱ ዱዎ የሚል ከሆነ ባለ 64 ቢት ነው፤ ራሙን ወደ 4 ጊጋ፣ ሃርድ ዲስኩን ወደ ኤስኤስዲ ብትቀይርለት ሚንት ኤክስኤፍሲኢን ተሸክሞ ይሄዳል።